«የለም» የሚለውን መልስ ማስመለስ

የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ፊደል ብንስት፣ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ ከሚተረጉመው የዲኤንኤስ ሰርቨር የሚገባን መልስ አጭር ነው፦ ይህ ስም የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው መመዘኛ ለዚህ መልስ የራሱን ኮድ ሰጥቶታል፤ ቁጥር 3። አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ግን መልሱን ለውጠው የራሳቸውን የማስታወቂያ ገጽ አድራሻ ይሰጡናል። በሰፈሩ የማይኖር ሰው ቤት የጠየቀን እንግዳ ወደ ራስ ሱቅ እንደ መምራት ነው።

ሰው ገጹን ዘግቶ ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ፕሮግራሞቹ ናቸው። የኢሜይል ሰርቨር የላኪው ስም መኖሩን የሚያጣራው በዚህ መልስ ነው፤ ሁሉም ስም «አለ» ከተባለ ማጣሪያው ይከሽፋል። አደጋም አለው፦ አቅራቢው በታወቀ ድርጅት ስም ሥር ለሌለ ንዑስ ስም ጭምር ሲመልስ፣ የማስታወቂያ ገጹ ቀዳዳ የዚያ ድርጅት ቀዳዳ ይሆናል። የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪው ዳን ካሚንስኪ ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 በተግባር አሳይቷል።

ነገሩ ከአቅራቢዎችም በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። በሴፕቴምበር 2003 የዶት ኮምና የዶት ኔት መዝገብ ያዥ ቬሪሳይን ያልተመዘገበን ስም ሁሉ «ሳይት ፋይንደር» ወደሚባል ገጹ መራ። የኢንተርኔት ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን አጥብቆ ስለጠየቀ በኦክቶበር 4 ተዘጋ። ባለሙያው ግን ያን ቀን አልጠበቀም። ባይንድ የተባለው የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም አዘጋጆች በቀናት ውስጥ ማስተካከያ አወጡ፤ በራውተሮች ላይ ለሚሠራው አነስተኛ የዲኤንኤስ ፕሮግራም ለዲኤንኤስማስክም የተነገረውን ሐሰተኛ አድራሻ ባየ ቁጥር መልሱን ወደ «የለም» የሚመልስ ትእዛዝ ተጨመረለት። ይህን ትእዛዝ እስካሁን እወደዋለሁ፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅምና።

እኔ ስፈትሽ መጀመሪያ እንደመጣልኝ የደረደርኳቸውን ፊደላት፣ ማንም የማያስመዘግበውን ስም፣ እጠይቃለሁ። አድራሻ ከመጣልኝ መልሱ ተለውጧል ማለት ነው። ያንን አድራሻ በራውተሩ ዲኤንኤስማስክ ላይ አስገባለሁ። አቅራቢው አድራሻውን ከቀየረ ግን ሥራው እንደገና ይጀመራል፤ ስለዚህ ዘላቂው መንገድ ሐቀኛ ወደሆነ ሌላ ሰርቨር መዞር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ። አቅራቢው በተለመደው የዲኤንኤስ ፖርት፣ በፖርት 53፣ የሚያልፈውን ጥያቄ ሁሉ ጠልፎ ራሱ የሚመልስ ከሆነ፣ የሰርቨሩን ቁጥር መቀየር ምንም አያመጣም። ጥያቄው ተመስጥሮ በፖርት 853 መውጣት አለበት፤ ከዚያም ፈተናው ይደገማል።

«ደንበኛው ካልፈለገው ማጥፋት ይችላል» የሚለውን የአቅራቢዎች መከራከሪያ አልቀበልም። አንዳንዱ ማጥፊያ በብሮውዘሩ ላይ ኩኪ ከማስቀመጥ አያልፍም፦ ማስታወቂያው ቀርቶ የስህተት ገጽ የሚመስል ነገር ይታያል፣ የዲኤንኤሱ መልስ ግን እንደ ቀድሞው ሐሰት ነው። ኢሜይል ሰርቨሩ ኩኪ አያውቅም። ስለዚህ ደንበኛ «አጥፍቼዋለሁ» ሲለኝ፣ ብሮውዘሩን ሳልከፍት ያንኑ የሌለ ስም ከትእዛዝ መስመር እጠይቃለሁ፤ ኮድ 3 እስኪመጣም ሥራው አለቀ አልልም።