ጓዳው ተቆልፎ የተከራየ ቤት፦ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅን እንደገና ማንበብ

በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሁለት ነገሮች በ11 ቀን ልዩነት ሆኑ። ግንቦት 3 ቀን ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ሥራ አስጀመረ። ግንቦት 14 ቀን ደግሞ መንግሥት ሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት የቴሌኮም ፈቃድ መስጠቱን አስታወቀ፤ ዋጋው 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሞባይል ገንዘብ የማንቀሳቀስ መብት ግን በዚያ ፈቃድ ውስጥ አልተካተተም። እንግዳው ቤቱን ተከራየ፣ ጓዳው ግን ተቆልፎ ቆየው። ቁልፉ የተሰጠው በ2015 ዓ.ም.፣ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ከተከፈለበት በኋላ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1148/2011ን ዳግም ያነበብሁት ይህን በልቤ ይዤ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ይህ ሕግ፣ ታሪኩን ከ1886 ዓ.ም. የሚቆጥረውን የኢትዮ ቴሌኮምን ብቸኝነት በወረቀት የቋጨ ሰነድ ነው። ሕግ እንደ ድርሰት አይነበብም የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ይነበባል እላለሁ፤ የሚናገረው አለው፣ የሚያድበሰብሰውም አለው።

መጀመሪያ ቋንቋው። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይታተማል፣ አማርኛው በአንድ ወገን፣ እንግሊዝኛው በሌላው። በሕግ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይህን አዋጅ ሳነብ ግን ዓይኔ ደጋግሞ ወደ ማዶው ዓምድ ይሻገር ነበር፤ አማርኛው ሐሳቡን ከዚያ ተበድሮ ገና ያልመለሰ ይመስላል። በየቀኑ ካርድ የሚሞላው ሰው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢከፍተው፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ የሚዘጋው ይመስለኛል።

የሚያሳዝነው፣ በዚያ አማርኛ ውስጥ የተቀበረው ጉዳይ እጅግ ቀላልና እጅግ ወሳኝ መሆኑ ነው። በታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ጤፍ የሚሸጥ ነጋዴ በሳፋሪኮም 07 ቁጥር ደብረ ታቦር ወዳለ የኢትዮ ቴሌኮም 09 ደንበኛ ደወለ እንበል። ሂሳቡን ከነጋዴው የሚቀበለው የ07 ኩባንያ ነው፤ ጥሪውን ጨርሶ ለተደዋዩ ጆሮ የሚያደርሰው ግን የ09 መስመር ነው። ስለዚህ የ07ቱ ለ09ኙ ድርሻ ይከፍላል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል 09 ይዞ ባለበት አገር፣ አዲሱ ኩባንያ ያፈራው እያንዳንዱ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው ወደ ተፎካካሪው ቤት ነው። የድርሻዋ መጠን ከፍ ካለች አዲሱ ለነባሩ ግብር ከፋይ ይሆናል፤ ዝቅ ካለች ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የተዘረጋው መረብ ለባዕድ ትርፍ ተሰጠ የሚል ክርክር ይነሣል። አዋጁ ኩባንያዎቹ መጀመሪያ ተደራደሩ፣ ካልተስማማችሁ ባለሥልጣኑ ይግባበት ይላል። መንገዱ የተለመደ ነው፣ አልነቅፈውም። የምነቅፈው ዳኛው የተቀመጠበትን ወንበር ነው።

አዋጁ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገባ፤ የዚያን ቦርድ የሚመሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናቸው። ተጫዋቹም ዳኛውም ማታ የሚገቡት አንድ ግቢ ነው ማለት ነው። ክፉ ሐሳብ አለ እያልሁ አይደለም። ነገር ግን ጥሩ ሕግ በሰዎች ቅንነት ላይ አይደገፍም። አዋጁ ባለሥልጣኑን ከኩባንያው ለይቶ በማቆሙ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከባለቤቱ ግን አልለየውም።

በዚህ ነገር እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1902 ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በጋራ ባለቤትነት በፓስፊክ ውቅያኖስ ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ዘረጉ። ከእነርሱ በፊት ገበያውን የያዘ ኢስተርን ኤክስቴንሽን የተባለ የግል ኩባንያ ነበር። የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት የጋራው ገመድ ሳያልቅ ለዚያው ኩባንያ በሲድኒ የራሱን ቢሮ ከፍቶ ደንበኛ እንዲቀበል ፈቀደለት፤ በገዛ ገመዱ ላይ ተፎካካሪ ጠራ። በኋላም የሁለቱን ገቢ በአንድ ቋት አዋጥቶ የመካፈል ሐሳብ ተነሥቶ ብዙ አከራከረ። እዚያ ነባሩ የግል፣ መጤው የመንግሥት ነበር፤ እኛ ዘንድ ተገልብጧል። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ መንግሥት የገዛ ተፎካካሪውን ገቢ በሚወስን ጊዜ ለየትኛው ኪሱ ያስባል? የፈቃዱ ዋጋ በአንድ ኪስ፣ የኩባንያው ትርፍ በሌላው ይገባል፤ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ይሟሽሻል። እኛ ዘንድ በፈቃዱ ጨረታ ጊዜ ሌላው ተጫራች ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር ብቻ አቅርቦ መሸነፉን፣ ማማ እየተከሉ የሚያከራዩ ሦስተኛ ወገን ኩባንያዎች መከልከላቸውንም አስታውሳለሁ። የራስህን ምሰሶ ትከል፣ ወይም ከእኔ ተከራይ የተባለ ሰው ዋጋ ቢያወርድ ምን ይደንቃል?

ምሰሶ ካልሁ ወደ ታች ጋይንት ልመለስ። አዋጁ አገልግሎቱ ለሁሉም እንዲዳረስ ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው። ከአርብ ገበያ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርደውን ገደላገደል ያየ ሰው ግን፣ አንዱ ማማ የሚያየውን ሸለቆ ሌላው እንደማያየው ያውቃል። በዚያ መሬት ላይ ሁለት ኩባንያ ጎን ለጎን ሁለት ምሰሶ መትከሉ ብክነት ነው፤ አንዱን በሚዛናዊ ኪራይ መጋራት ብቻ ያዋጣል። ለገጠሩ ሰው፣ ከአዋጁ አንቀጾች ሁሉ መሠረተ ልማት መጋራትን የሚመለከቱት ይበልጣሉ። እኔ ብሆን እነዚያን ከፊት አሰልፌ፣ ዝርዝራቸውንም ለመመሪያ ሳልተው በአዋጁ ውስጥ እጽፈው ነበር።

ደግሞም ፉክክር የማይደርስበት ቦታ አለ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። በዚያ ጊዜ ለጋይንት ነጋዴ የ07ቱ ዋጋ ከ09ኙ ይርከስ ይወደድ፣ ድርሻው በየትኛው ቋት ይግባ፣ ምንም ልዩነት አልነበረውም። የደብረ ታቦርን የጤፍ ዋጋ ለማወቅ ከዚያ የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ይጠይቅ ነበር።