ግንቡን አይተን አትክልቱን ረሳነው

ከማክሰኝት ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንፍራዝ አካባቢ ሲደርስ ቀና ካለ፣ ከኮረብታ ላይ ጉዛራ ግንብን ያያል። ከጎኑ የተቀመጠውን ቢጠይቅ ምናልባት «ፖርቱጋሎች የሠሩት ነው» የሚል መልስ ያገኝ ይሆናል። ወሬው በዚያ ያበቃል፤ አውቶቡሱም ያልፋል።

ይህን መልስ አልወደውም። የአገሬው ትውፊት ጉዛራን የሚሰጠው ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ለነገሡት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው። ብዙ ግንብ የሚሸከመው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ አገራችን የገባው በ1603 ነው። ትውፊቱ እውነት ከሆነ ቤተ መንግሥቱ ቆሞ ጠብቆታል ማለት ነው። ነገር ግን ተቃራኒውም ወገን ባዶ እጁን አይደለም። ኢየሱሳውያኑ በጻፉት መሠረት ኖራ በግንባታ ላይ መዋል የጀመረው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ ገደማ ነው። የጉዛራ ድንጋይ ደግሞ የተያያዘው በኖራ ነው! ስለዚህ አንዳንድ አጥኚዎች ዕድሜውን ዝቅ ያደርጉታል። እኔ ወደ ትውፊቱ አደላለሁ፤ ጸሐፊዎቹ የራሳቸውን ሥራ ከፍ ለማድረግ ምክንያት ነበራቸውና። ሆኖም ክርክሩ ገና አልተዘጋም።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። «ማን ሠራው?» ስንባባል ንጉሡ እዚያ ምን ሊያይ፣ በምን ጥላ ሊቀመጥ እንደ ወጣ መጠየቅ ትተናል። ቤተ መንግሥት ለእኛ ግድግዳ ብቻ ሆኗል።

ከማክሰኝት ወደ ጐንደር ለሚመለስ ደግሞ አዘዞ አለች። ሱስንዮስ በ1620ዎቹ እዚያ ያሠሩት ስፍራ ስሙ ራሱ ገነተ ኢየሱስ ነበር። ገነት በግእዝ የአትክልት ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ የንጉሥ ማረፊያ፣ በቅጥር የተከበበ አትክልትና የውሃ ገንዳ ነበረው። በዚያው ዘመን የሮማና የፍሎረንስ መኳንንት ከከተማ ወጣ ብለው በውሃና በጥላ መካከል ይዝናኑ ነበር፤ የሞጐል ነገሥታትም በህንድ በቦይ የተከፈሉ አትክልቶች ነበሯቸው። ኢየሱሳውያኑ የመጡት በጐአ በኩል ነውና የአዘዞ ገንዳ የየትኛው ዘመድ ነው? ምናልባት የሁለቱም። «አውሮፓዊ ነው» ብሎ መዝጋት ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል።

የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ አዘዞንና ሌሎቹን የኢየሱሳውያን ስፍራዎች ቆፍረው በ2017 መጽሐፍ አውጥተዋል። በአማርኛ ተተርጉሞ ግን አላየሁም። ጕዳችን እንግሊዝኛ ለሚያነብ ብቻ ተነገረ ማለት ነው።

ሱስንዮስ በ1632 ሥልጣን ለቀቁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ በ1636 ገደማም ጐንደርን ቆረቆሩ። የውሃውን ፍቅር ግን አላባረሩትም። በስማቸው የሚጠራውን የፋሲል መዋኛ ተመልከቱ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፤ የዛፎቹ ሥር ቅጥሩን እንደ እጅ ጨብጦታል። ከጐንደር ግንቦች ሁሉ ሕዝቡ ዛሬም እንደ ግቢ የሚኖርበት ይኸው ነው። ከበዓሉ ማግስት ውሃው ገና ሳይጐድል ልጆች ሲዘሉበት አይቻለሁ። ፋሲል ግቢን፣ ጉዛራንና የጎርጎራውን ማርያም ግምብ ዩኔስኮ በ1979 በአንድ መዝገብ ሲያሰፍራቸው ይህም መዋኛ አብሮ ገብቷል፤ አስጐብኚው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ የሚደርሰው ቱሪስቱ ከደከመ በኋላ ነው።