የአሮጌው መስኮት ናፍቆት
ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናና ስለ ግዕዝ ፊደል ዕጣ

ሂስ በአገራችን ልማድ ድርሰትን፣ ቴአትርን፣ ሥዕልንና ዜማን ሲመዝን ኖሯል። ደራሲው የሚጽፍበት መሣሪያ ግን ከሂስ ሚዛን ላይ እምብዛም አልወጣም። ይሁንና ብርዕና ቀለም፣ ብራናና ወረቀት ለሥነ ጽሑፍ ያላቸውን ድርሻ የማይክድ ሁሉ፣ ዛሬ ጸሐፊው ከፊቱ ተቀምጦ የሚያመሽበት የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወናም መልክና ጠባይ ያለው የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ሊክድ አይችልም። መልክና ጠባይ ያለው ሥራ ደግሞ ይተቻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

በባሕር ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችን የጎበኘ፣ በጢስ ዓባይም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሠርግ ጥሪ የሚያዘጋጁትን ባለሙያዎች ያነጋገረ ሰው፣ «አሮጌው ይሻል ነበር» የሚለው አቤቱታ አያመልጠውም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ያደርግ የነበረውን ድጋፍ ያቋረጠው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ሆኖም ያንኑ የሙጥኝ ያሉ ጥቂት አይደሉም። ድጋፉ በኤፕሪል 2014 ያከተመውን ዊንዶውስ ኤክስፒንም ዛሬ ድረስ በናፍቆት የሚያነሡ አሉ።

ይህን ናፍቆት አንዳንዶች ስንፍና፣ ሌሎች ድህነት ይሉታል። ሁለቱም የችኮላ ፍርዶች ናቸው። ሸማኔ ስለ መወርወሪያው፣ ቁም ጸሐፊ ስለ ብርዑ ሲናገር የሚደመጠውን ያህል፣ በቀን ሃያና ሠላሳ ገጽ የምትጽፍ ባለሙያም ስለ ኮምፒዩተሯ ስትናገር ልትደመጥ ይገባል።

የአሮጌው መልክ

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ከገጹ ግርጌ በስተግራ «ስታርት» የሚል ቁልፍ አኖረ። በ2001 ኤክስፒ፣ በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲከተሉ ቀለሙና ጌጡ ተለዋወጠ እንጂ ቁልፉ ከቦታው አልተነሣም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቤት እመቤት በጨለማ እጇን ሰድዳ ጨው ያለበትን ዕቃ እንደምታገኘው ሁሉ፣ ጸሐፊዋም ዐይኗን ከረቂቁ ሳትነቅል የምትፈልገውን ታገኝ ነበር። የጥሩ መሣሪያ ምልክቱ፣ የሚሠራበት ሰው መሣሪያውን ረስቶ ሥራውን ብቻ እንዲያስብ ማድረጉ ነው።

የኤክስፒን የገጽ ሥዕል እንመልከት። ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ ያነሣው አረንጓዴ ኮረብታና ደመና ያለበት ሰማያዊ ሰማይ ነው። በመስከረም ወር ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ኮረብታ ባዕድ አይሆንበትም። ሥዕሉ ግን ከማማሩ ይልቅ ዝም ማለቱ ይመሰገናል። የሚሸጠው ዕቃ፣ የሚያወራው ወሬ አልነበረውም። የዛሬዎቹ ገጾች በአንጻሩ ዜናውን፣ የአየር ጠባዩንና ማስታወቂያውን ሳይጠየቁ ይዘረግፋሉ። ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ገበያ መካከል እንደተቀመጠ ይሆናል።

የአዲሱ ጠባይ

እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ያ የአሥራ ሰባት ዓመት ቁልፍ ከቦታው ጠፋ። ገጹ በጣት ለሚዳሰሱ መሣሪያዎች እንዲመች ተብሎ በታላላቅ ባለቀለም ሰሌዳዎች ተሞላ። በሰው ጠረጴዛ ላይ ያለው ግን የሚዳሰስ ገጽ ሳይሆን ማውስና ቁልፍ ሰሌዳ ነበር። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይህ ነው። የዓለም ተጠቃሚ ስለጮኸ በሚቀጥለው ዓመት በ8.1 ቁልፉ ተመለሰ። እንግዲህ ቅሬታው የኋላ ቀሮች ማጉረምረም አለመሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው መስክረዋል።

በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቁልፉን ከግራ ወደ መካከል አዛወረው። ከዚህ የሚከፋው ግን ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የጥበቃ ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር በግድ መጠየቁ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ፣ ምንም ያልጎደላቸው ብዙ ኮምፒዩተሮች ጡረታ እንዲወጡ ተፈረደባቸው። አንዲት የጽሕፈት ቤት ባለቤት በዕቁብ ገንዘብ የገዛችው ኮምፒዩተር ሳይሰበር አረጀ የተባለው ባሕር ማዶ በተቆረጠ ቀን ነው።

ዝማኔ የሚሉትም ነገር አለ። በአንዳንድ አገር በይነመረብ እንደ ቧንቧ ውሃ ሳይቆጠር ይፈሳል፤ በእኛ ዘንድ ግን በጥቅል ተገዝቶ በቁጠባ የሚጠጣ ነው። ባለቤቱን ሳያማክር ጥቅሉን የሚጨርስ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል ተብሎ በጥድፊያ በሚሠራበት ሰዓት «እባክዎ ኮምፒዩተሩን አያጥፉ» ብሎ ደንበኛን በሰልፍ የሚያቆም መሣሪያ፣ የተሠራው ለሌላ ኑሮ ነው። አሮጌውን የሚመርጥ ሰው በአብዛኛው የሚመርጠው በገዛ ዕቃው ላይ የማዘዝ መብቱን ነው።

የፊደሉ ጉዳይ

ይህ ሁሉ ለዓለም ሕዝብ የጋራ ቅሬታ ነው። ለእኛ ግን ተጨማሪ ምክንያት አለን፤ እርሱም ፊደላችን ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ የቀድሞው ኮምፒዩተር ለአንድ ፎንት ከሚፈቅደው 256 ቦታ ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያም ውስጥ የተወሰነው ለማሽኑ የተያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ፣ ኋላም ሌሎች ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ይህን ጥበት በብልሃት ተሻገሩ። አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው አካሉንና ቅጥሉን ለየብቻ ቀርጾ በጽሑፍ ጊዜ ገጣጠመው። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የጽሕፈት ቤቶች የዕለት እንጀራ የሆኑት በዚህ ጎዳና ነው።

የጸሐፊዎቻችን ጣት የሠለጠነው በእነዚህ ሶፍትዌሮች ነው፤ ሶፍትዌሮቹም የተቀረጹት ለአሮጌው ዊንዶውስ ነበር። ለ16 ቢት የተሠራ ፕሮግራም በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይነሣም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የወጣው በ64 ቢት ብቻ ነው። ስለዚህ «አሮጌው ይሻል ነበር» የምትለው ጸሐፊ የምታዝነው ለስታርት ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ለፍታ ያካበተችው ሙያ ከእጇ ስለሚወጣ ጭምር ነው።

አዲሱ ለፊደላችን ምንም አላደረገም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የግዕዝ ምልክቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር አገኙ። በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ኒያላ ቁመናው የተስተካከለ፣ የብርዕን ወፍራምና ቀጭን ጭረት ያልዘነጋ ግሩም ሥራ ነው። በዊንዶውስ 10 ግን ይኸው ፎንት ከዋናው ዕቃ ወጥቶ፣ ፈላጊ ካለ ከበይነመረብ ከሚያወርደው ተጨማሪ ጥቅል ውስጥ ገባ። በምትኩ የቀረው «ኤብሪማ» ለገጽ ንባብ ያገለግላል፤ ጭረቱ ግን ወጥ ስለሆነ የብርዕ ትዝታ የለበትም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንደሚባለው፣ አዲሱ እትም ያለፈው የሰጠንን ጌጥ ወደ ጓዳ መለሰብን።

የአሮጌው ዕዳ

እስካሁን ለአሮጌው ተከራክረናል፤ ሂስ ግን ወዳጁንም አይምርም። የቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምስጢራዊ ቁጥር ነበራቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተላከ ጽሑፍ ፎንቱ ከሌለ በላቲን ፊደልና በእንግዳ ምልክት የተሞላ ትርጉም የለሽ ገጽ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የተጻፉ ልቦለዶች፣ የጥናት ጽሑፎች፣ የማኅበርና የዕድር መዝገቦች በየጽሕፈት ቤቱ በፍሎፒና በሲዲ ተቀምጠዋል። የሚያነባቸው አሮጌው ማሽን ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ ቀን አልነሣም ይላል።

እዚሁ ጣና ላይ፣ በክብራን ገብርኤል ገዳም፣ ከ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የቆየ ባለሥዕል የአራቱ ወንጌላት ብራና አለ። ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ግዕዝ የተማረ ዲያቆን ዛሬ ገልጦ ያነበዋል። በ1990 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተጻፈን ድርሰት ግን ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የራሱ ደራሲ ሊያነበው የተሳነው ጊዜ አለ። በዚህ ረገድ አሸናፊው አዲሱ ነው፤ ከብራናው ጋር የሚመሳሰለው ቋሚ ቁጥር ያለው ዩኒኮድ እንጂ አሮጌው ሶፍትዌር አይደለም።

ፍርዱ

ጢስ ዓባይ ይህን መሰል ሂሳብ ያውቃል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሠራ ፏፏቴው ጢሱን አላጣም ነበር። ሁለተኛውና ታላቁ በ2001 ሲከተል ግን ውሃው ተጠልፎ ለዓመታት ፏፏቴው ቀጠነ። መብራቱ እውነት ነው፤ የጎደለው ጢስም እውነት ነው። ማመንጫው ባልተሠራ የሚል የለም፤ የጎደለው አይቆጠር የሚልም ትክክል አይሆንም።

በኮምፒዩተሩም ጉዳይ ፍርዳችን ይህንኑ ይከተላል። አዲሱ ሥርዓተ ክወና ከአሮጌው ጽናትን፣ ዝምታንና ባለቤትን ማክበርን መማር ይገባዋል። የአገራችን ሶፍትዌር ሠሪዎች የቀድሞውን የፊደል ገበታ አቀማመጥ በዩኒኮድ ላይ ቢያኖሩት፣ የጸሐፊዎቻችን ጣት ዳግመኛ ፊደል ቆጣሪ አይሆንም። ፎንት ቀራጮቻችንም ብርዕን የማይረሳ ገጽ ፊደል ከውጭ ብቻ ሊጠብቁ አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎችና አብያተ መጻሕፍት ደግሞ በየጽሕፈት ቤቱ የተከማቸውን የቀድሞ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የማሸጋገሩን ሥራ ለነገ ሊሉት አይችሉም፤ ሥራው የሚሠራው አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ሲያበሯቸው ገና በሚነሡበት በአሁኑ ጊዜ ነውና።