ዳቦው ይገልበጥ

ድፎ ዳቦ ሲቀርብ የሚባለውን ማንም በቃሉ ያውቀዋል። «ወይ ሲያምር!»፣ «ኩፍ ማለቱስ!»፣ «መልኩን እዩልኝ!» አመስጋኙ ገና አልቀመሰም፤ ቢላዋም አልነካውም። የላይኛውን ቆዳ አይቶ ፈርዷል። ጋጋሪዋም «ኧረ ምን አላት ብላችሁ ነው» እያለች ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ያቺ ልጅ ምንም አትማርም። የላዩን ወዝ እንቁላል የቀባ ሁሉ ያመጣዋል። ኩፍታውንም የፓኬት እርሾ ያበዛ ሁሉ ያገኘዋል። እኔ ዳቦ ሲቀርብልኝ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገልብጡልኝ። በዚህ የተነሣ ግብዣ የሚጠሩኝ ሰዎች ቀንሰዋል።

ስለ ዱቄቱ፣ ስለ ማቡካቱ፣ ሊጡ ስለሚቆይበት ሰዓት አልጽፍም። ዱቄት ይነፋል፣ ሊጥ እጅ እስኪለቅ ይታሻል፣ ያረጀ እርሾ ይደፋል፤ ይህን ለማወቅ መጽሔት መግዛት አያስፈልግም። ጥቁር አዝሙድ ይግባ አይግባ የሚከራከሩም ይከራከሩ (እኔ ይግባ ባይ ነኝ፣ ግን ጥርስ ሥር አልፎ አልፎ ይገኝ)። ስለ ኮረሪማ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ የካፋ ልጆች የአገራችን ቅመም ነው ብለን እፍኝ እንጨምራለን። ኮረሪማ ያየለበት ዳቦ የሚደብቀው ነገር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው የእርሾ ሽታ ነው።

ወደ ታችኛው ፊት እንምጣ። ድፎ ዳቦ በኮባ፣ በእንሰት ቅጠል፣ ይጋገራል። ምጣዱ ላይ ቅጠል ይነጠፋል፣ ሊጡ ይፈስበታል፣ በላዩ ሌላ ቅጠል ይለብሳል፤ ከዚያ ተከድኖ ከታች እሳት፣ ከላይ ፍም ይደረግለታል። ኮባ ሊጡ ምጣድ እንዳይዝ ብቻ የሚነጠፍ የሚመስላቸው አሉ። እርጥብ ቅጠል ውኃ ያዘለ ነው። እርጥበቱ እስኪያልቅ የምጣዱን ግለት ያበርዳል፣ እንፋሎቱንም ለሊጡ ይሰጣል። ከዚያ ቀስ እያለ ሲደርቅና ዳር ዳሩ ሲከስል ቅርፊቱ ይጠነክራል፤ መዓዛውም የሚገባው ያኔ ነው። ስለዚህ እሳቱ እንዴት እንደነደደ፣ ቅጠሉ መቼ እንደተቆረጠ፣ ጋጋሪዋ የት ላይ እንደቸኮለች ሁሉም ከታች ይነበባል። ላዩ ለእንግዳ የሚታይ ነው፤ ምስክርነት አይሆንም።

ኮባ ከመሃል አከርካሪው ወደ ዳር የሚወርዱ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጫጭን ጅማቶች አሉት። በደንብ የተጋገረ ዳቦ ሲገለበጥ እነዚያ ጅማቶች ታትመው ይታያሉ። ቡናማ መደብ ላይ ጥርት ብለው፣ ትንሽ ጠቆር ብለው ከተሰለፉ ዳቦው ደህና ነው፤ ቁረጡ። ጠቁረው ሲነኳቸው የሚፈረፈሩ ከሆነ ከታች የነበረው ነበልባል እንጂ ፍም አይደለም። ነጥተው ጣት ላይ የሚጣበቁ ከሆነ ዳቦው ቸኩሎ ወጥቷል፤ ላዩ የቱንም ያህል ቢቀላ መሃሉ ሊጥ ነው። የቅጠል ቁርጥራጭ ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ደርቆ የሰነበተ ኮባ ተነጥፏል ማለት ነው። መስመሮቹ ሁለት አቅጣጫ ይዘው ቢተላለፉ ነውር የለውም፤ ቅጠል ተደራርቦ ነው። ምንም መስመር ከሌለና ታቹ ልሙጥ ከሆነ ደግሞ ዳቦው የተጋገረው በዘይት ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን ዳቦ ብሉት፤ ድፎ ነው ብላችሁ ግን ለሰው አትናገሩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንቅልፍ የሚነሣኝ ቦዩ ነው። የዳቦውን ታች ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ የሚያልፍ ጎድጓዳ መስመር አይታችሁ ይሆናል። አከርካሪው ሳይላጥ የተነጠፈ ቅጠል የሚተወው ጠባሳ ነው። አከርካሪው ወፍራም ስለሆነ ሊጡን ከሥሩ ይገፋዋል፤ እዚያ ላይ ዳቦው ይሳሳል፣ እንፋሎት በዚያ በኩል ይሰበሰባል፣ ግራና ቀኙ ሲበስል ቦዩ ላይ ያለው እርጥብ ይቀራል። ሲቆረጥ ደግሞ ቢላዋው በፈለገበት አይሄድም፤ ዳቦው በቦዩ ላይ ይሰበራል። አንድ ጊዜ ቦንጋ ውስጥ አንዲት ገዢ ይህን ቦይ በጣቷ እየተከተለች «እንዴት ያለ ጌጥ ነው!» ስትል ሰማሁ። ሻጯም ዝም አለች። ከሁለቱ ማን እንዳናደደኝ እስካሁን አልለየሁም።

ሥራው ቀላል ነው። ቅጠሉ በጀርባው ይዘረጋል፤ ቢላዋውን ጋደም አድርጎ አከርካሪውን ከቅጠሉ እኩል እስኪሆን መላጥ ነው። ቅጠሉ ትልቅ ከሆነ አከርካሪውን ጨርሶ ማውጣትና ሁለቱን ግማሽ በሦስት ጣት ስፋት ማነባበር ይሻላል። ከዚያ ቅጠሉ እሳት ላይ እያለፈ ይለበለባል፤ አረንጓዴው ጠቆር ሲልና ሲለሰልስ ይበቃዋል። ሳይለበለብ የተነጠፈ ኮባ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባ ሊጥ ምጣድ ላይ ይከስላል። አከርካሪውን ለከብት ስጡት። ከዚህ የሚያንስ ሥራ የሠራ ሰው ቅጠሉን አላዘጋጀም፤ ቆርጦ ብቻ አመጣው።

አዲስ አበባ ያሉትን እምራቸዋለሁ። በዓል ሲደርስ ኮባ ከሾላ ወይም ከመርካቶ በገንዘብ ይገዛሉ፤ የሚያገኙትም ብዙ ጊዜ የተቀደደና ጠውልጎ የሰነበተ ነው። ከ2012 ጀምሮ በየሰፈሩ የሚሸጠውን የሸገር ዳቦ ፋብሪካ ዳቦም በዚህ መለኪያ አልመዝነውም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር ካፋ፣ ቢታ ገነት ውስጥ ግን፣ እንሰት ከጓሮ በማይጠፋበት፣ ዝናቡም ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ በሚያለመልምበት አገር፣ የአሉሚኒየም ወረቀት ገዝቶ ምጣድ ላይ የሚያነጥፍ ሰው ምክንያቱን ለጎረቤቶቹ ማስረዳት አለበት። እዚያው ቤት ቆጮ ሲጋገር ኮባ አይቀርም። ለቆጮ ያልተነፈገው ቅጠል ለስንዴ ዳቦ የሚነፈግበትን ምክንያት ጠይቄ አላገኘሁም። «ፎይል ንጹሕ ነው» የሚለው መልስ መልስ አይደለም።

ይህን ያስተማሩኝ እናት ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም ነበር፤ እኔም አልጠራም። እትዬ እንላቸዋለን። ኮባ የሚቆርጡት ጠዋት ነው፤ ጫፉ በነፋስ የተተለተለውን ትተው ከመሃል ገና የተዘረጋውን ይመርጣሉ። የላጡትን ቦታ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል፤ ጣታቸውን የሚያቆም ነገር ካገኙ ቅጠሉን ለእኔ ይወረውሩልኝና «እንደገና፣ ልጄ» ይላሉ። ሰው የሚያስቅባቸው ልማድ ነበራቸው። ዳቦው ወጥቶ ቀዝቀዝ ሲል ሰፌድ ላይ በደረቱ አስተኝተው፣ ታቹን ወደ ላይ አድርገው ለሽማግሌው ያቀርቡታል። የሚባርኩት አባት መጀመሪያ ግራ ይጋባሉ፤ ኋላ ለምደውት መስመሮቹን አይተው ራሳቸውን ነቅንቀው ገልብጠው ይቆርሱታል። እትዬ ያን ጊዜ ብቻ ይቀመጣሉ። ስለ ዳቦው መልክ የሚነገራቸውን ምስጋና ሲሰሙ አላየሁም፤ ወሬ ቀይረው ስለ ከብት ይጠይቃሉ።

ይኸው መለኪያ ከማዕድ ቤት ውጭም ይሠራል። ፒያሳ አካባቢ የማውቀው አንድ አዛውንት አንጥረኛ ነበር። አንገት ላይ የሚንጠለጠል የብር መስቀል ሲሰጡት ፊቱን አያይም፤ ወዲያው ገልብጦ ማንጠልጠያው የተበየደበትን ቦታ በጥፍሩ ይፈትሻል። በድሮው ጊዜ መስቀል የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከጠገራ ብር ነው። ያ ማርያ ተሬዛ የተባለችው ንግሥት ምስል ያለበት፣ ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 የሚል፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ብር ነው። ከሳንቲሙ ላይ ሳይቀልጥ የተቆረጠ አሮጌ መስቀል ጀርባ ላይ አንዳንዴ የምስሉ ርዝራዥ ይቀራል። ገዢ ያን ሲያይ «ተበላሽቷል» ይላል! አዛውንቱ እንዲህ ላለው ገዢ ዋጋ አይነግርም ነበር። ጀርባው ተወልውሎ እንደ መስተዋት ያንጸባረቀ አዲስ መስቀል ይዞ ለሚመጣ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው፤ «ሞረዱ የት ሄደ?»

ዛሬ ጌጥ የሚሠሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ ሐሳብ ከየት እናምጣ ይሉኛል። የቡና ፍሬ በፕላስቲክ ክር ሰክተው፣ ቫርኒሽ ቀብተው «የካፋ ጌጥ» ይሉታል። ፍሬው ደህና ነው፤ ክሩን ገልብጣችሁ ቋጠሮውን ብታዩት ግን በክብሪት የተተኮሰ እብጠት ነው። አንዲት የቢታ ልጅ ሐሳብ ስትጠይቀኝ የዳቦ ታች አሳየኋት። ገባት። ማር በማይጠፋበት አገር ሰም ማግኘት አያስቸግርም፤ ሰሙን አሳስታ ዘርግታ ከኮባ ቅጠል ጫፍ ላይ ቆርጣ አተመችበት፣ ናስም አስፈሰሰችበት። የጆሮ ጌጥ ሆኖ መጣ። መስመሮቹ ጥርት ብለው ተሰልፈዋል፤ ማንጠልጠያው ከኋላ በንጽሕና ተበይዷል፤ የሞረዱ ጭረትም ይታያል። ደስ አለኝ፣ ገንዘብ ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትሁ። ከዚያ ብርሃን ላይ አጋደልሁት። መሃሉን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆት የሚያልፍ ጎድጓዳ ቦይ አለ።

«አከርካሪውን አላጥሽውም» አልኋት።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ጌጡ ነው» አለችኝ።

አልገዛሁም።