ከንክኪው በፊት፦ የእግር ኳስ መሠረታዊ ክህሎት በወላይታ ሶዶ ሜዳዎች

የእግር ኳስ መሠረታዊ ክህሎት ሲባል ኳስን መቀበል፣ ማቀበል፣ መንዳት፣ በቴስታ መግጨትና ወደ ግብ መምታት ማለት ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ሊሠለጥን የሚገባው መቀበል ነው፤ ወደ እርሱ የመጣችውን ኳስ በመጀመሪያው ንክኪ መግራት ያልቻለ ተጫዋች ቀጣዩን እርምጃ የሚመርጥለት ተጋጣሚው ነውና።

ይህ ቅደም ተከተል በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የተለየ ክብደት አለው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለችው ከተማም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች ልጆች የሚጫወቱባቸው ሜዳዎች ብዙዎቹ የአፈር በመሆናቸው በበጋ ይጠጥራሉ፣ በክረምት ይጨቀያሉ፤ በጥር እስከ ደረት ድረስ የምትነጥር ኳስ በሐምሌ ውኃ የቋጠረ ቦታ ላይ ቆማ ትቀራለች። የሁለቱም ወቅት መላ አንድ ሲሆን፣ እርሱም ኳሷ እስክትደርስ ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ በአጫጭር እርምጃ ወደ እርሷ መሄድ ነው።

በውስጥ እግር የሚደረገው አቀባበል ቀረብ ብሎ ሲታይ፣ የቆመው እግር ጉልበት ጥቂት ይታጠፋል፣ ተቀባዩ እግር ጣቶቹን ወደ ውጭ አዙሮ የኳሷን ወገብ በሚያገኝበት ከፍታ ከመሬት ይነሣል፣ ኳሷ በነካችው ቅጽበትም ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። እግሩ ከተገተረ ኳሷ ትፈናጠራለች፤ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ከሥሩ ትሾልካለች። በወጣ ገባ ሜዳ ያደገ ልጅ ይህን አደጋ ለማምለጥ ኳሷን ከላይ ረግጦ ማቆም ይለምዳል፤ ልማዱ በዚያ ሜዳ ቢያዋጣም፣ በተስተካከለ ሣር ላይ የቆመችውን ኳስ እንደገና ለማንቀሳቀስ የሚጠፋው ጊዜ ተከላካዩ ደርሶ እንዲነጥቅ በቂ ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ ሊያርመው የሚገባው ኳስ የማቆም ልማድን ሲሆን፣ ልጁ ከመቀበሉ በፊት ትከሻውን አሻግሮ እንዲያይና ኳሷን ወደ ባዶው አቅጣጫ እንዲያሳርፋት ማስለመድ ይኖርበታል።

የልምምዱ መሣሪያም ውጤቱን ይወስናል። የጨርቅ ኳስ ስለማይነጥር ለመንዳትና ለአብዶ፣ ማለትም ተጋጣሚን አታልሎ ለማለፍ፣ ቢጠቅምም የነጠረች ኳስን ማብረድ አያስተምርም፤ በአንጻሩ ከ410 እስከ 450 ግራም የምትመዝነው የአዋቂዎች ኳስ ለትንሽ ልጅ ስለምትከብደው አመታቱን ታበላሻለች፤ ለልጆች ቁጥር 3 እና ቁጥር 4 ኳሶች የሚመረጡትም ለዚህ ነው። ልምምዱ በአምስት ሜትር ርቀት በሁለቱም እግር ከሚደረግ ቅብብል ተነሥቶ፣ ተጫዋቾች ክብ ሠርተው በመካከል ያለው ኳሷን ለመንጠቅ ወደሚሮጥበት መሀል ባልገባ ሲሸጋገር፣ ያለ ጫና የተገኘው ክህሎት በጫና ውስጥ ይፈተናል።

የመሠረታዊ ክህሎት ዋጋ በትልቅ መድረክ የታየበትን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአካባቢው ክለብ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ በመልሱ ጨዋታ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ከተሸነፈ በኋላ፣ በመለያ ምት 4 ለ 3 ረትቶ አልፏል። የሁለት ጨዋታ ድካምን የቋጨው ከ11 ሜትር ላይ የቆመችን ኳስ መምታት፣ ማለትም ጀማሪም የሚሞክረው ሥራ ነው፤ ነገር ግን የደከመ እግር በዚያች ሰዓት አዲስ ነገር ሊፈጥር ስለማይችል የሚያወጣው አስቀድሞ ደጋግሞ የሠራውን ብቻ ነው።

ስለዚህ የልጅን እድገት ኳስ ሳትወድቅ ስንት ጊዜ እንዳንቀረቀበ በመቁጠር መመዘን ያሳስታል። ትክክለኛው መመዘኛ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ኳሷ የት እንዳረፈችና ልጁ በሁለተኛው ንክኪ ለማቀበል ተዘጋጅቶ እንደሆነ ማየት ነው፤ ይህን ደግሞ ሣር ባለው ሜዳም ሆነ በአፈሩ ሜዳ፣ በእያንዳንዱ ልምምድ መመልከት ይቻላል።