ለባዶ ምጣድ የሚከፈል ሒሳብ

ሰሞኑን አንዲት አዲስ ሙሽራ ጎረቤቴ «እትዬ፣ በየቀኑ አምስት አምስት እየጋገርኩ ትኩስ ትኩሱን ብንበላ ምን አለበት?» አለችኝ። ትኩስ እንጀራ ማን ይጠላል? እኔን የሚያከራክረኝ ምጣዱ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ሸክላው እስኪግል ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ አንድ እንጀራ ሳይወጣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል ማለት ነው። በሦስት ቀን ሦስቴ የጋገረች ይህን ሦስቴ ትከፍላለች፤ እኔ አንዴ። ታሪፉም በደረጃ ስለሆነ ፍጆታ ሲጨምር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። ማሟሻውንም ቁጠሩት፤ ምጣድ በተለኮሰ ቁጥር የመጀመሪያው እንጀራ ወይ ይጣበቃል ወይ ዓይን አያወጣም።

ከዚህም የሚብሰው ሊጡ ሳይደርስ ምጣድ መሰካት ነው። አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ጎመንዘሩና ማሰሻው ጨርቅ፣ ሰፌዱም አጠገቤ ሳይሆኑ ሶኬት አልነካም። ምጣዱን ሰክተው ሊጥ ማቅጠን የሚጀምሩ፣ መሀል ላይ ስልክ የሚያነሱ ብዙ አይቻለሁ። ምጣዱ እኮ ባዶውንም ይቆጥራል! ሁለት እንጀራ ሲቀረኝ እነቅለዋለሁ። ሸክላ የያዘውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ የመጨረሻዎቹን ያበስላቸዋል፤ ከዚያ የተረፈ እንጀራ ቆራርጬ አነጥፍበትና ለፍርፍር ድርቆሽ ይሆነኛል።

«ይሻግትብኛል» ትላለች ሙሽራዋ። የሚሻግተው ትኩሱን በትኩስ ላይ ሲደርቡት ነው፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ያልበዋል። አንድ በአንድ አብርዶ የደረበ ሰው በአዲስ አበባ አየር ሦስት ቀን ያለ ሥጋት ይበላል። ለሁለት ሰው ከበዛ ደግሞ ጎረቤት አለ። ሊጧን ይዛ ትምጣ፤ በአንድ ግለት የሁለት ቤት እንጀራ ይወጣል፣ በሌላው ጊዜ ተራው የእሷ ምጣድ ነው። ቡና አብሮ መጠጣት የለመደ ሰፈር ምጣድ ለመጋራት ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም።

ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው። እናቴ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እየወረደች በጉልቻ ትጋግር ነበር። ነበልባሉ ወደ ጎን ሲባክን ታያለች፤ አክንባሎውን ከፍቼ ከዘገየሁ ትቆጣኛለች። እሳቱን ዙሪያውን የሚከልለው ምርጥ ምድጃ ሲመጣ እንጨቱ በግማሽ ያህል ቀነሰላት፤ ተራራ የምትወጣበት ቀንም እንዲሁ። ሰው «ቁጠባ» ሲል ብር ያስባል፤ እኔ ከሸክሙ የቀለለላትን አስባለሁ።

በኋላ እኔም እንጀራ ለሱቅ እያስረከብኩ ልጆቼን አሳደግሁ። ጤፍ ሲወደድ ዋጋውን የምቀንስበት አቅም አልነበረኝም፣ እንጀራውን ማሳሳትም ደንበኛ ማጣት ነው። በእጄ የነበረው ሙቀቱ ብቻ ነበር፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሞላሁት በእሱ ነው። ዛሬም ለራሴ ቤት ስጋግር ሊጡን ከፍቼ ሳላይ አልሰካም።