ዳሱን ከእግሩ ጀምራችሁ እዩት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር ለእርሻ ዕቃ የሚጣል ዳስ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ ሣር ወይም ሸራ፣ ማሰሪያ ልጥ ይበቃዋል። ወጪው ትንሽ ቢሆንም ሥራው ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ከአንድ ዓይነት እንጨት ከተሠሩ ሁለት ዳሶች አንዱ መውቂያውን በደህና ለአጨዳ ያደርሳል፤ ሌላው አዝጎ ያስረክባል። ብዙ ሰው ልዩነቱን ክዳኑ ላይ ይፈልጋል። ዕቃን ይበልጥ የሚጎዱት እርጥበትና ምስጥ ግን የሚመጡት ከሥር ነው። ስለዚህ ዳስ ስትመዝኑ ከእግሩ ጀምሩ።

አስቀድማችሁ ዳሱ ለየትኛው ዕቃ እንደተጣለ ጠይቁ። በዚህ አገር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በነዚያ ወራት ሥራ የሚፈቱት የመስኖ ፓምፑ፣ የበቆሎ መፈልፈያውና መውቂያው ናቸው፤ ለእነሱ ዝናቡ በሚመታበት በኩል ግርዶሽ ያስፈልጋል። ሞፈርና ቀንበር ደግሞ ክረምቱን በሥራ ላይ ናቸው። የእነሱ ጠላት እንጨቱን የሚሰነጥቅ፣ ምራኑንም የሚያደርቅ የበጋ ፀሐይ ነው። ለእነሱ ዙሪያው ክፍት የሆነ ጥላ ይበቃል።

ቀጥሎ መሬቱን እዩ። ጥሩ ዳስ ከፍ ባለ ቦታ ይቆማል፤ በላይኛው ወገን ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ አለው። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ክረምት ሲያብጥ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ቋሚዎቹን ያዛባልና ጠልቀው በድንጋይ መጠቅጠቃቸውን አረጋግጡ። ዕቃው በድንጋይ ላይ ከተዘረጋ የእንጨት ርብራብ ላይ ቢያንስ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ ነፋስ በሥሩ ይለፍ።

ምስጥ ባለበት አገር የቋሚው እግር የሠሪውን ትጋት ይናገራል። የባሕር ዛፉ ቅርፊት ካልተላጠ ሠሪው ቸኩሏል። የሚቀበረው ጫፍ በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ከሆነ አስቦበታል። በቋሚው ላይ ወደ ላይ የሚወጣ የጭቃ መስመር ካያችሁ ፋቅ አድርጉት፤ ምስጥ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ሞፈሩን ቋሚው ላይ ያስደገፈ ሰው ለምስጡ ድልድይ ሠርቶለታል።

ከዚያ ማዕዘኑን ይዛችሁ ገፋ አድርጉ። ወጋግራው በባላው ላይ በደንብ ከተቀመጠና በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ከገባ አይወዛወዝም። ልጡ እርጥብ ሳለ ጠብቆ መታሰሩን፣ ቋጠሮውም መድረቁን ሳይሰነጠቅ መቻሉን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ክዳኑ ቀና በሉ። የሣር ክዳን 45 ዲግሪ ያህል መዘቅዘቅ አለበት፤ ከዚያ ከላላ ውሃው ሳይወርድ ይሰርጋል፣ ሣሩም ይበሰብሳል። ውስጥ ቆማችሁ ስታዩ ብርሃን በነጥብ በነጥብ የሚገባ ከሆነ ሣሩ ሳስቷል። ጠርዙ ከቋሚዎቹ ክንድ ያህል አልፎ ካልወጣ ጠፈጠፉ እግራቸውን ያበሰብሳል። ሸራ ከሆነ ሆድ አውጥቶ ውሃ ማቆር የለበትም፤ ጠርዙ በእንጨት ተጠቅልሎ ይታሰር። የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ ማልበስ ርካሽ ነው፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ያነክተዋል። ከሣሩ ሥር ቢገባ ይሻለዋል።

ብዙዎች ጥንቃቄ መስሏቸው ፓምፑን በላስቲክ ጥፍንግ አድርገው ይጠቀልሉታል። ታፍኖ የቀረው እርጥበት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጠል ይሆንና ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ጥሩ ዳስ ውስጥ ሸራው ብረቱን ሳይነካ ከላይ ይወጠራል። ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያም ከብረት ጋር አብረው አይቀመጡም፤ እርጥበት ስበው ማረሻውንና ወገሉን ይበሉታል። ምራኑና መርገጡ አይጥና ውሻ ከማይደርሱበት ከፍታ ላይ ተሰቅለው ካገኛችኋቸው ሠሪው ዕቃውን ያውቃል።

የመጨረሻውን ፍርድ በደረቅ ቀን አትስጡ። ከከባድ ዝናብ ማግስት ሄዳችሁ ከርብራቡ ሥር ያለውን አፈር በእጃችሁ ዳስሱት። ደረቅ ከሆነ፣ ክዳኑ ምንም ያህል ባያምር፣ ሥራው ጥሩ ነው። ዳሱ ለአንድ ክረምት ቢጣልም የሚጠብቀው ሞተር ለዓመታት የተገዛ ነው፤ አንዳንዴም ዕዳው ገና አልተከፈለም። ይህን አውቆ ከዓይን ለተሰወረው ለእግሩ የደከመ ሠሪ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል።